አንድ እግር ጫማ

ደብዳቤው የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሚገባው የመንገደኞች መርከብ ከእናቱ ጋር እንደሚመጣ፣ መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሳ፣ በመካከል ባለው ጊዜ ከተማችንን እንዳስጎበኛቸው ይጠይቃል። «እንደ ማንኛውም እንግዳ አድርገሽ ያዢን» ይላል። «የማን ልጅ እንደሆንሽ ሳታውቅ መጀመሪያ ትውደድሽ። መርከቡ ሳይነሳ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ከዚያ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ ድንግጥ ይላል ብዬ ብጠብቅ ወይ ፍንክች። ክንዱን ተንተርሶ ያደረ ሰው ሲነቃ ክንዱ የራሱ አልመስል እንደሚለው ነው። የተጻፈው ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የጎረቤት ደብዳቤ በስህተት የከፈትኩ ይመስለኛል። አጣጥፌ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩትና እራት ልሠራ ተነሳሁ።

ለማያውቀን ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የባለገመዱ ልጅ ነኝ። አባቴ በወደቡ ዳር ባለ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ለዓሣ ጀልባዎች ገመድ ይገምዳል፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አብረን እንኖራለን። ደብዳቤውን የጻፈልኝ ሰው መሐንዲስ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ወደባችንን ከማዕበል የሚከላከለውን ግንብ ሊያሠራ መጥቶ ሁለት ዓመት ቆየ። እናቱ የወለል ንጣፍ ፋብሪካ የሚያስተዳድሩ፣ በከተማቸው ስማቸው ሲጠራ ሰው ወንበሩን የሚያስተካክልላቸው ሴት ናቸው። ሥራው አልቆ ሲሄድ እናቴን አስፈቅጄ እወስድሻለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። በሁለተኛው ወር የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። «የገመድ ገማጅ ልጅ የቤቴን ደጃፍ አትረግጥም» ብለውታል። እስካሳምናት ታገሺኝ አለ።

ታገስኩ። በዓመት ሦስት አራት ደብዳቤ ይመጣል፤ በያንዳንዱ እናቱ ትንሽ ለስለስ ብለዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሲለሰልሱ የኖሩ ሴትዮ ሲጀመር ምን ዓይነት ድንጋይ ቢሆኑ ነው እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። በመካከሉ ሁለት ሰው ሊያገባኝ ጠይቆኝ መልሻለሁ። ሁለተኛው ጥሩ ሰው ነበር። አሁን ሁለት ልጆች አሉት፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን ያነሳልኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቀሚስ በትንሽ ሻንጣ ከትቼ ወደምሠራበት የአስጎብኚዎች ቢሮ ወሰድኩና ከጠረጴዛዬ ስር ደበቅኩት። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ ግን ቡናማዋ ቀሚሴ ከምስማሯ ላይ እንደሌለች አይቷል። ዛሬ እንግዳ ይበዛል እንዴ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ሁለት ናቸው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሻዩን ጠጣ። መሐንዲሱ ለእናቱ ከተናገረ፣ ከነገራቸው እሄዳለሁ፤ ካልተናገረ ሻንጣዬ ይመለሳል። የቀኑ ጉዳይ ይህ ብቻ ነበር፣ እኔም እንደ ባቡር ሰዓት አድርጌ ያዝኩት።

*

ከመርከቡ ሲወርዱ ቁጥር የተጻፈባትን ሰሌዳዬን ከፍ አድርጌ ቆሜ ነበር። እሱ ትንሽ ወፍሯል፤ መነጽር አድርጓል። ዓይናችን ተገጣጠመ። ድሮ ቢሆን ሰሌዳዬን ጥዬ እሮጥለት ነበር። አሁን ያሰብኩት መነጽሩ እንደማያምርበት ነው።

«እንደምን አደሩ» አለኝ፣ በአንቱታ። እጄን እንደ ባንክ ሠራተኛ ጨበጠኝ። ደህና አደርኩ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ አልኩ።

እናቱን አራት ዓመት በሐሳቤ ስዬአቸዋለሁ። ረጅም፣ ከንፈራቸው ቀጭን፣ ሲያዩኝ ከጫማዬ የሚጀምሩ አድርጌ። የወረዱት ሴትዮ ግን አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ጉልበታቸው ያበጠ፣ ምርኩዝ የያዙ ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ካራሜላ ይንኳኳል። ከሰላምታ በፊት የጠየቁኝ ቁርስ መብላቴን ነው። በልቻለሁ አልኩ። ውሸቴን መሆኑን ፊቴ ነገራቸው መሰለኝ አንድ ካራሜላ በእጄ ላይ አኖሩልኝና፣ እስክትበዪ ይህን ምጠጪ አሉኝ።

ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ጥላቻዬን ኪሴ ውስጥ ፈለግኩት፤ አጣሁት። በምትኩ የመጣ ነገርም የለም።

*

አስጎብኚነትን ስድስት ዓመት ሲሠሩት አፍ ብቻውን ይሄዳል። እግሬ የት ጋ እንደሚቆም፣ አፌ ምን እንደሚል፣ እንግዳው የት ጋ እንደሚስቅ ይታወቃል። የድሮው ጉምሩክ ቤት ሰዓት ለምን ሰባት ደቂቃ እንደሚዘገይ አወራሁ። የዓሣ ጨረታውን አዳራሽ አሳየኋቸው። ተጫራቾቹ አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ ጆሮአቸውን የነካ ገዛ ማለት ነው። እናቱ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ከፊታቸው አርቀው ምርኩዛቸው ላይ አጣበቁ፣ አንድ ቅርጫት ሰርዲን ይዤ ልገባ ነው እንዴ እቤቴ ብለው። አጫራቹ ሳይቀር ሳቀ።

እሳቸው በረዶ ላይ የተደረደረውን ዓሣ ሲያዩ እሱ ጠጋ አለኝ።

«ደህና እየሄደ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ወዳሻለች። ታይቶኛል።»

«መቼ ነው የምትነግራቸው?»

«ትንሽ ትረፍ። ምሳ ላይ።» እጄን በጣቱ ነካ አድርጎ ራቀ።

የነካኝን ቦታ አየሁት። ያችን ጣት ለማግኘት ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ አስታውሳለሁ። እንደሚታወስ ነገር ነው ያስታወስኩት፤ አንድ ጊዜ ከባድ ትኩሳት ይዞኝ ነበር እንደሚባለው።

*

ከጨረታው ቤት ወደ መብራት ማማው የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከታች ሦስተኛው ደረጃ መሀሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። አጠገቡ የከተማው ማዘጋጃ ቤት የተከለው ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። እኔም እንደ ወትሮዬ ከሰሌዳው በስተግራ ቆምኩ፤ አፌም ጀመረ።

አንድ የመርከብ አዛዥ ነበር። ሚስቱ ርቆ እንዳይቀርባት ፈርታ በሚሄድበት ዋዜማ የአንድ እግር ጫማውን ደበቀችበት። በአንድ እግር ጫማ የት ይደርሳል፣ ይመለስልኛል ብላ። እሱ ግን ሌላ ጫማ ገዝቶ ሄደ። (እዚህ ጋ እንግዳ ይስቃል።) እሷ ጫማውን ታቅፋ በየቀኑ እዚህ ስትቀመጥ፣ ስትቀመጥ፣ ድንጋዩ ጎደጎደ።

እናቱ አልሳቁም። ሰሌዳውን አነበቡ። ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን። እሱ የማማውን ጫፍ እያየ ነበር፤ ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀልቷል። ገና አፌን ሳልዘጋ፣ እኔ ወጥቼ እይታውን ልይ፣ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ለእማዬ ጉልበት አይሆንም አለና እየሮጠ ሊባል በሚችል እርምጃ ገባ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ያ ታሪክ የፈጠራ ነው። ድንጋዩን ያጎደጎዱት በረዶ ሻጮች ናቸው፤ ድሮ የበረዶውን ግግር በሰንሰለት እየጎተቱ ሲያወርዱ። አንድ ከሰዓት እሱና እኔ እዚያ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ነው አዛዡንና ሚስቱን የፈጠርናቸው። በማግስቱ ዝናብ ጥሎ እንግዶቼ ሲሰለቹብኝ ለቀልድ አወራሁላቸው። ወደዱት። ሌላ ጊዜም አወራሁ፣ ሌሎች አስጎብኚዎችም ወሰዱት፣ በዓመቱ ሰሌዳ ተተከለበት። ስደጋግመው ስደጋግመው ለእኔም እውነት ሆኖ ነበር። ከእሱ አፍ ይውጣ ከእኔ እንኳ የረሳሁትን ነገር፣ አሁን ለእናቱ እንደ ከተማ ታሪክ አወራሁላቸው።

እናቱ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ጎድጓዳው ላይ ተቀመጡ። ካራሜላ ፈለጉ፣ አላገኙም፣ ቦርሳውን ዘጉ።

«ጫማውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» አሉ።

ሰሌዳውን ሳየው ጫማው የእኔ እንደነበር ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ገምቼ ነበር። እሱ እንዲህ ያለ ጨዋታ አያመጣም፤ ሰው ካሳቀ ጨዋታው የሌላ ነው።» ከአጠገባቸው ያለውን ድንጋይ መታ መታ አደረጉልኝ፤ ተቀመጥኩ። «ግንቡን ሊጨርስ ሲል ጽፎልኝ ነበር። አንዲት አስጎብኚ የጫማ ታሪክ ፈጥራ ከተማው አምኖ ሰሌዳ ሊተክልባት ነው ብሎ። ለፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ እያነበብኩ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እዛው ደብዳቤ ላይ ልጅቷን እወዳታለሁ፣ አባቷ ገመድ ይገምዳሉ፣ ምን ትያለሽ ይላል።»

«ምን አሉት?»

«ይዘሃት ና ነዋ። ሌላ ምን እላለሁ? የእኔም አባት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ያ ፋብሪካ ከሰማይ አልወረደም እኮ ልጄ።»

ከማማው ውስጥ የእግሩ ኮቴ ይሰማል፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ።

«ከዚያ በኋላ ስለልጅቷ ትንፍሽ አላለም» አሉ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ሐሳቧን ቀይራለች፣ ከአባቷ መለየት አልፈለገችም አለኝ። እኔም የሰው ልጅ በግድ አይመጣ ብዬ ተውኩት። አሁን አንቺ ያን ጫማ ስታነሺ…» ጨርሰው አልተናገሩትም።

ለእኔ የጻፈልኝን ነገርኳቸው። የደጃፉን ነገር ቃል በቃል ነው የነገርኳቸው፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንስተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«የቤቴን ደጃፍ አትረግጥም አልኩ?»

«እንደዛ ነው ያለኝ።»

«አራት ዓመት ሙሉ እንደዛ እያልሽ ስታስቢኝ ኖርሽ።»

«አዎ እማማ።»

 እኔም ከፍ ያለ ነገር ይመጣብኛል፣ እጮሃለሁ፣ ከደረጃው እወድቃለሁ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ነገር ድንጋዩ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ገብቶኛል። የገባኝ ነገር ግን ከውጭ በር ላይ እንደቆመ ሰው ሆኖ አልገባም አለ።

እናቱ፣ እኔ ልናገርለት፣ አሁን ይውረድና ፊት ለፊት ልጠይቀው አሉ። አይሆንም፣ ይተዉት አልኩ። ልናገር ያለው እሱ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለው። ቢናገር፣ የዋሸውንም ጨምሮ ቢናገር፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ስድስት ሰዓት አይከብደውም።

እናቱ ከአንገት በታች አዩኝ፣ ከዚያ ፊቴን። «እኔ ልጄን አውቀዋለሁ» አሉ። «ብሳሳት ግን ደስ ይለኛል።»

እሱ እያለከለከ ወርዶ እይታው ግሩም መሆኑን ነገረን። ሁለታችንም በአንድ አፍ መልካም አልን። ሳናስበው ወገን ሆነን ነበር፣ እኔና አራት ዓመት የፈራኋቸው ሴትዮ። አፍሬ ዓይኔን ወደ ባሕሩ መለስኩ።

*

ምሳ ላይ እናቱ እንዲናገር በር ከፈቱለት። በመስኮቱ በኩል ጀልባዎቹ ይታያሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ዳቦ አለ።

«ለመሆኑ ድሮ እዚህ ስትሠራ ከማን ጋር ነበር የምትውለው?» አሉት።

«ከድንጋይ ጋር» አለና ሳቀ።

«ከድንጋይ ጋር ብቻ?»

የውሃ ብርጭቆውን አሽከረከረ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ውሃ እኔም አብሬ ተመለከትኩት። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ እንደ ድሮው አየኝ፤ ግንቡ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን እያዘዘ ከሩቅ ስመጣ እንደሚያየኝ። ያቺን እይታ ለይቼ አውቃታለሁ፣ ውሸት የለባትም። ይወደኛል። የሚገርመው ይህ ነው፤ ስወደድ ቁጭ ብዬ እያየሁ ሾርባዬ እየቀዘቀዘ ነበር።

«ሥራ ይበዛ ነበር» አለ። ሂሳብ እንዲመጣለት እጁን አነሳ።

ከሰዓት ወደ ግንቡ ሄድን። ግንቡን ለሠራው ሰው ግንቡን ማስጎብኘት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ርዝመቱ ስድስት መቶ ሜትር ነው ስል፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ አረመኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ትልልቆቹ ለምን ከውጭ እንደሚደረደሩ፣ የመጀመሪያው ክረምት ስንቱን ነቅሎ እንደወሰደው። ሲናገር ያምርበታል። ለድንጋይ ሲሆን ቃል አያጥረውም።

እናቱ መሀል ላይ ደከመኝ ብለው አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ እናንተ እስከ ጫፉ ሂዱ አሉን። ሆን ብለው ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀሚሴን እየጎተተ፣ እሱ መነጽሩን እየጠረገ፣ በሻይ ሰዓት እነግራታለሁ አለኝ። ሻይ ስንጠጣ ደግሞ እናቱ ስኳር እንዲያቀብላቸው ጠየቁት፣ እሱም ስኳር አቀበላቸው። አሥር ሰዓት ሆነ። የመርከቡ የመጀመሪያ ጩኸት ተሰማ። አስተናጋጇ እንኳ ፊታችንን አይታ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው በግልጽ የተሰማኝ። ልመክረው ፈለግኩ። እንደ ተማሪ አፉን አስከፍቼ፣ እንዲህ በል፣ እማዬ ይቺ ናት በል ልለው። ቃሏ ሦስት ናት። ከዚያ ለራሴ ሳይሆን ለእሱ አዘንኩ፤ ማዘኔም የእህት ዓይነት ነበር።

*

የመርከቡ መሰላል ስር እናቱ ተሰናበቱኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ ቀድሜ ልውጣ፣ ጉልበቴ ጊዜ ይፈጃል» አሉ። «የምትለኝ ነገር ካለ ግን ቆሜ እሰማለሁ። መርከቡም ቢሆን ይጠብቀኛል።»

መንገደኞች በሁለት በኩል እያለፉን ይወጣሉ። እሱ እናቱን አየ። እኔን አየ። አፉ ትንሽ ተከፈተ፤ በውስጤ፣ በል እንጂ፣ በል እንጂ አልኩ።

«ምንም የለም እማዬ» አለ። «ቀስ ብለሽ ውጪ።»

እሳቸውም ቀስ ብለው ወጡ። አንድ ጊዜም ዞረው አላዩንም።

እሱ ወዲያው ወደ እኔ ቀረበና ነገሩን መደርደር ጀመረ። ደክሟታል፣ አየሽ ጉልበቷን፣ መንገድ ላይ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ብቻዬን መጥቼ። እንደገና አንቺ ይለኝ ጀመር፤ እናቱ ስለሌሉ።

«እናትህ ያውቃሉ» አልኩት። «ከጠዋት ጀምሮ። የጫማውን ታሪክ ስነግራቸው አወቁኝ። ይዘሃት ና ብለውህ እንደነበርም ነግረውኛል።»

ፊቱን እያየሁት ነበር። ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ይክዳል ብዬ ነበር። ትከሻው ወረደ። አየር ወደ ውስጥ ስቦ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ግንባሩ ላይ የነበረው መጨማደድ ሁሉ ተፈታ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ አምሮበት አላየሁትም።

«ተገላገልኩ» አለ። «በእውነት ተገላገልኩ። በቃ እኮ አለቀ። ሻንጣሽ የት ነው? ጊዜ አለን፣ ሮጠሽ አምጪው።»

አለቀ ያለው እውነቱን ነው። አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ሳይነገር አለቀለት፤ እሱም ደስ አለው። ሌላ ሰው ተሸክሞለት የደረሰ ዕቃ ነው የሚመስለው።

«ለምን እንደዛ ጻፍክልኝ?» አልኩት። ድምፄ ስለ ጉምሩክ ቤቱ ሰዓት የሚያወራው ድምፅ ነበር።

መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር የድሮውን ሰው ይመስላል። ለመዋሸት ጊዜ ስላልነበረው ይመስለኛል እውነቱን የነገረኝ።

«እማዬ እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር» አለ። «ብትል ኖሮ እታገላት ነበር፣ በእናቴ ሞት። ለመታገል ተዘጋጅቼ ነበር። እሺ ስትለኝ ጊዜ የቀረው የእኔ ብቻ ሆነ። ቤት መያዝ፣ አንቺን ማምጣት፣ አባትሽን መጠየቅ፣ ማግባት። ፈራሁ። አንድ ወር ልቆይ ብዬ ነው የእሷን እምቢታ የጻፍኩልሽ። ከዚያ ወሩ…» እጁን ዘረጋ። «አልወደድኩሽም እንዳትዪኝ ብቻ።»

«አልልህም። እንደምትወደኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ሁለተኛው ጩኸት ተሰማ። መሰላሉ ጋ ያለው መርከበኛ ወደ እኛ አየ።

«አልመጣም» አልኩት። «የዋሸኸኝን እንኳ ይቅር ልል እችል ነበር። ዛሬ አንድ ቃል ብትተነፍስ ይቅር እልህ ነበር። እናትህ ቆመው ጠየቁህ እኮ። ሁሉ ነገር ተከፍቶልህ፣ ምንም የለም አልክ። እኔ ነበርኩ እኮ እዚያ የቆምኩት።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። እጄን አንስቼ ከለከልኩት። ከእንግዲህ የሚናገረው ነገር ለእኔ አይሆንም። ወደ ላይ ሲወጣ መሰላሉን ሁለት ጊዜ ስቶ ተደናቀፈ። እናቱ ከላይ አጥሩን ይዘው ቆመዋል፤ ብቻውን ሲመጣ ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁ። የተሰናበትኩት እሳቸውን ነው። እማማ እያልኩ ልኖርባቸው እችል የነበሩትን ዓመታት በሙሉ ባንድ ጊዜ አየኋቸው፤ እሳቸውም ያዩዋቸው መሰለኝ።

*

ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፣ ወይም ጠይቀውኝ አልሰማሁም።

አባቴ መጋዘን ውስጥ ነበር። ገመድ ሲገመድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በአንደኛው ጫፍ መዘውሩን ያዞራል፤ ሌላው አርባ እርምጃ ርቆ ሌላውን ጫፍ ወጥሮ ይይዛል፤ ገመዱ እየተገመደ ሲያጥር ቀስ እያለ ወደፊት ይራመዳል። አባቴ ሰው ሲያጣ ጫፉን ከጋሪ ላይ ከተጫነ ድንጋይ ጋር ያስረዋል፤ ግን ጋሪው ሰው አይደለምና ገመዱ እኩል አይወጣለትም። ድሮ እኔ ነበርኩ የምይዝለት። እነዚያ ደብዳቤዎች መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ቀስ በቀስ ተውኩት፤ መሄዴ ስለማይቀር ይልመደው ብዬ።

ሻንጣውን አየ። እኔን አየ። መዘውሩን አላቆመም።

ሻንጣውን ግድግዳው ስር አስቀመጥኩና ገመዱን ከጋሪው ፈትቼ ጫፉን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሻካራ ነው፤ የተልባ ዘይት ይሸታል። ወጠርኩት። አባቴ ማዞሩን ቀጠለ፤ እኔም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ፣ ሌላም። ሦስተኛውን ልራመድ ስል እግሬ እምቢ አለ።  አለቀስኩ። ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ትከሻዬ ብቻ ነው የሚናጠው። ግን የወጠርከው ገመድ ምንም አይደብቅልህም። ይዤው የነበረው ነገር ሁሉ እየተርገበገበ አርባ እርምጃ ሄዶ አባቴ እጅ ደረሰ።

መዘውሩ ቆመ።

«ልቁም?» አለ ከሩቅ። ሊመጣ አልተነሳም፤ ቢመጣ ገመዱ እንደሚፈታ ያውቃል፣ እኔም እንደምፈታ።

«አትቁም አባዬ» አልኩት። «ይዤዋለሁ።»

 ከዚያ መዘውሩ እንደገና መዞር ጀመረ፣ ከቅድሙ በዝግታ። እኔም እያለቀስኩ ወደ እሱ ተራመድኩ። ከፋኝ። አራት ዓመት የቆየ መክፋት ነው፤ ጉሮሮዬን፣ ደረቴን፣ መዳፌን ሁሉ አመመኝ፤ ያመመኝ ቦታ ሁሉ ደግሞ የራሴ ነበር።